ሲርበው የማይጣራ

እናቴ ከማቻክል ወደ ደብረ ማርቆስ የመጣችው ጉልበቷን ለመታየት ነበር። ዐቢይ ጾም ሊገባ ሰሞን ነው። በሶውንና ሽሮውን ካስረከበችኝ በኋላ እንደ ልማዷ ቤቴን በዓይኗ መዞር ጀመረች፤ አልጋውን፣ የመጻሕፍት መደርደሪያውን፣ የውሃ ጀሪካኖቹን አየች። ጥግ ላይ ያለው የዋንዛ ሣጥን ዘንድ ስትደርስ ቆመች። ፊቱ ተንሸራታች መስታወት ነው። ውስጡ ጋዜጣ ተነጥፏል፤ በግራና በቀኝ ሁለት የተደፉ ገሎች አሉ፤ መሐሉ ላይ ከበድ ያለ የውሃ ጣባ ተቀምጧል፤ ከኋላው ሽቦ ይወጣል።

«ይቺ ደግሞ ምንድን ናት? ጫጩት ልታስፈለፍዪ ነው?»

«የእባብ ቤት ነው፣ እማዬ።»

«አበስኩ ገበርኩ!» ብላ አማተበች። ባዶ መሆኑን አሳየኋት፤ እባቡ ገና እንዳልመጣ፣ መምጣቱም ገና በፈቃድ እንደሆነ ነገርኳት። ነጠላዋን አስተካክላ ዱካው ላይ ተቀመጠችና ሣጥኑን ዝም ብላ ስታየው ቆየች። ምን እንደምትለኝ አስቀድሜ ገምቼ መልስ አሰናድቼ ነበር። መርዝ የለውም እላታለሁ። ከሣጥኑ አይወጣም እላታለሁ። ሰው ምን ይላል ካለችኝም የምለው አላጣም። እናቴ ግን ዕድሜዋን ሙሉ ከብት ስታረባ የኖረች ሴት ናት፤ የጠየቀችኝም የአርቢ ጥያቄ ነበር።

«ላሚቱ ሲርባት እምቧ ትላለች። ዶሮዋ ትንጫጫለች። ድመቷ እግርሽ ሥር ገብታ ትለማመጥሻለች። ይሄስ ሲርበው ምን ብሎ ይጠራሻል?»

«አይጠራኝም።»

«ሲበርደውስ?»

«አይጠራኝም፣ እማዬ። የሚጣራበት ድምፅ የለውም።»

«እንግዲያ በምን ታውቂያለሽ?»

ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ስለ እባብ ማንበብ ከጀመርኩም ሰንብቻለሁ፤ የሙቀቱን ልክ፣ የምግቡን መጠን፣ የመደበቂያውን ስፋት በቃሌ አውቀዋለሁ። ያንን ሁሉ ልዘረዝርላት አፌን ከፈትኩና ተውኩት። የጠየቀችኝ እሱን አልነበረም። ቡና ጠጣን፣ ስለ ጉልበቷ አወራን፣ በማግስቱ ሐኪም ዘንድ ይዣት ሄድኩ፤ ጥያቄዋ ግን እስካሁን አለቀቀኝም።

ዝም የሚል ፍጥረት

እኛ ዘንድ መንከባከብ በአብዛኛው ለጥሪ መልስ መስጠት ነው። ልጅ ሲያለቅስ ይጠባል። ከብት ሲጮኽ ውሃ ይወርዳል። እንግዳም ቢሆን ደጅ ቆሞ «ቤቶች!» ሲል ነው በሩ የሚከፈትለት። «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» የሚለው ተረት እዚህ አገር ባደግን ሁሉ አጥንት ውስጥ ያለ ነው፤ የማይናገር ሰው ድርሻው ይቀርበታል ብለን እናምናለን፤ እውነትም ይቀርበታል።

እባብ እንግዲህ ከማይናገሩት ሁሉ የባሰ ዝምተኛ ነው። ሲቆጣ እፍ ይላል፤ ሲቸገር ግን ምንም አይልም። የዓይን ቆብ ስለሌለው ተኝቶም ነቅቶም ዓይኑ ያው ነው። ፊቱ አይለዋወጥም። ምግብ ሳይበላ ሳምንታትን፣ አንዳንዱ ወገን ወራትን መቆየት ይችላል፤ በዚያ ሁሉ ጊዜ ከውጭ ለሚያየው ሰው ደኅና ይመስላል። የዱር ሕይወቱ ያስተማረው ይህንን ነው። ደክሞ የታየ እባብ የጭልፊት ወይም የሸለመጥማጥ ሲሳይ ስለሚሆን ሕመሙን ይደብቃል። ባለቤቱ «ደኅና ነው» እያለ ሲያየው ከርሞ አንድ ቀን ሞቶ ያገኘዋል።

ይሁን እንጂ ምልክት የለውም ማለት አይደለም። ቆዳውን ሊቀይር ሲል ዓይኑ ሰማያዊ ወደሚመስል ጭጋግ ይለወጣል፤ ከዚያ ይጠራና ቆዳው ከአፍንጫው ጀምሮ እስከ ጅራቱ አንድ ሆኖ ይወልቃል። ቆዳው እየተቆራረጠ ከወለቀ የቤቱ አየር ደርቋል ማለት ነው። የውሃ ጣባው ውስጥ ተኝቶ የሚውል ከሆነ ወይ ሙቀቱ በዝቶበታል፣ ወይ ቅርፊቱ ሥር ቅንቅን ገብቶበታል። አፉን ከፍቶ የሚተነፍስ ከሆነ ሳንባው ታሟል። መስታወቱን በአፍንጫው እየገፋ ከዳር ዳር የሚመላለስ ከሆነ የሚፈልገውን መደበቂያ ወይም ሙቀት አላገኘም። ሁሉም ምልክት ግን ቀርቦ ላየና ትናንት እንዴት እንደነበር ለሚያስታውስ ሰው ብቻ የሚታይ ነው።

ስለዚህ ለእናቴ ጥያቄ ያገኘሁት መልስ ይህ ነው፤ እባብ ሊያኖር የተነሣ ሰው ከእንስሳው በፊት የእንስሳውን አፍ ማዘጋጀት አለበት። ቴርሞሜትሩ፣ ሚዛኑ፣ ደብተሩ የእባቡ አፍ ናቸው። እነዚህ ሳይሟሉ እባብ ማምጣት የማይጣራን እንግዳ ከደጅ አቁሞ መተኛት ነው።

ቤቱ ይቅደም

እባብ የሚያረቡ ሰዎች በብዙ ነገር ይከራከራሉ፤ ቤቱ ከእባቡ ይቀድማል በሚለው ግን ይስማማሉ። ሣጥኑ ተሠርቶ፣ ማሞቂያው ተገጥሞ፣ ሙቀቱ ሌትና ቀን ተለክቶ ነው እባቡ የሚገባው። «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ» የሚለውን እናቶቻችን ለወጥ ይሉታል፤ እኔ ለዚህ ሥራ የያዝኩት መመሪያ እሱን ነው።

በዓለም ላይ ለጀማሪ በብዛት የሚመከሩት እባቦች ሁለት ናቸው። አንዱ የደቡብ ምሥራቅ አሜሪካው የበቆሎ እባብ ነው። ሌላው የምዕራብና የመካከለኛው አፍሪካ ትንሽ ዘንዶ፣ ቦል ፓይተን፤ ሲፈራ እንደ ኳስ ተጠቅልሎ ጭንቅላቱን መሐል ይደብቃል። እኔ ያሰብኩት ግን ቡናማውን የቤት እባብ ነው። ሳይንሱ ቦኤዶን በሚለው ወገን ይመድበዋል፤ ኢትዮጵያን ጨምሮ በብዙ የአፍሪካ አገሮች ይገኛል። መርዝ የለውም። ቀን ተደብቆ ውሎ ማታ ይወጣል። ከአፍንጫው ተነሥተው በዓይኑ በኩል ወደ ኋላ የሚያልፉ ነጣ ያሉ መስመሮች አሉት። ሴቷ ከወንዱ ትበልጣለች፤ አንድ ሜትር ገደማ ልትደርስ ትችላለች። አይጥ ተከትሎ ሰው ቤትና ጎተራ ሥር ስለሚገባ በዱላ የሚያልቀውም ብዙ ጊዜ እሱ ነው፤ የገበሬውን እህል የሚበላውን እየበላ በገበሬው እጅ ይሞታል። ይህ ነገር ከልጅነቴ ጀምሮ ሲያንገበግበኝ ኖሯል።

ተማሪዎቼ ነገሩን ሲሰሙ «ቲቸር፣ ገደሉ ሥር ሞልቷል፤ እኛ አንድ ይዘን እናምጣልሽ» አሉኝ። አጥብቄ ከለከልኳቸው። «በሞኝ ክንድ የዘንዶ ጉድጓድ ይለካበታል» ይባላል፤ የማንም ልጅ ክንድ ለእኔ ፍላጎት መለኪያ አይሆንም። ቡናማ ሆኖ መርዝ የሌለውን እባብ ቡናማ ሆኖ መርዛም ከሆነው መለየት በድንጋይ ሥር፣ በምሽት፣ በችኮላ የሚሆን ሥራ አይደለም። እባቡም ቢሆን ከዱር ተይዞ ሲመጣ ብዙ ጊዜ ጥገኛ ትል ይዞ ይመጣል፤ ተጨንቆ ምግብ እምቢ ይላል። በእርባታ ቤት የተወለደ እባብ ግን ሰው አይቶ ያደገ፣ የሞተ አይጥ መብላት የለመደ ነው። ልገዛ የምፈልገው እንዲህ ያለውን ነው፤ በሰነድ የተደገፈ፣ የት እንደተፈለፈለ የሚታወቅ።

ሣጥኑን የሠራልኝ አናጢ መጀመሪያ የመከረኝ በጽድ እንዲሆን ነበር። «ምስጥ አይደፍረውም፣ ሽታውም ቤት ያውዳል» አለኝ። ልክ ነው፤ ያ ሽታ ግን ከእንጨቱ የሚተን ዘይት ነው። ነፍሳትን የሚያባርር ዘይት በተዘጋ ሣጥን ውስጥ ሌትና ቀን ለሚተነፍሰው ለእባብ ሳንባ አይበጅም። ባሕር ዛፍም በዚያው ምክንያት ቀረ። ዋንዛ ተወደደብኝ፤ ቢሆንም ዋንዛ ሆነ። ቫርኒሹ ከተቀባ በኋላ ሽታው ፈጽሞ እስኪጠፋ ሣጥኑ ተከፍቶ በረንዳ ላይ ከረመ። አናጢው የመስታወቱን ሐዲድ ሲገጥም አንዲት ክፍተት እንዳይተው አብሬው ቆሜ አየሁ። የእባብ ጭንቅላት ያለፈበት ቀዳዳ ገላውን ሁሉ ያሳልፈዋል።

መደበቂያዎቹ ሁለት የሆኑበት ምክንያት አለ። አንዱ በሞቃቱ ጎን፣ ሌላው በቀዝቃዛው ጎን ነው። አንድ ብቻ ቢሆን እባቡ ከሙቀትና ከደኅንነት አንዱን መምረጥ ይኖርበታል፤ ብዙውን ጊዜም ብርድ እየበላው መደበቅን ይመርጣል። ጠባብ መሆናቸውም ሆን ተብሎ ነው። እባብ ገላው በየጎኑ ግድግዳ ሲነካ ነው የሚረጋጋው።

ማርቆስ ሌሊት

እባብ እንደ እኛ ሙቀትን ከውስጡ አያመነጭም። ከውጭ ነው የሚበደረው። ስለዚህ ሙቀት ለእሱ ምቾት ብቻ ሳይሆን ምግብ የሚፈጭበት ኃይል ነው፤ በልቶ ከበረደው የዋጠው አይጥ ሆዱ ውስጥ ሳይፈጭ ይበሰብሳል፤ ቢተርፍ እንኳ አስመልሶት ነው። ለቤት እባብ ሞቃቱ ጎን 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ፣ ቀዝቃዛው ጎን ከ22 እስከ 25 ቢሆን ይስማማዋል። በመሐል እንደ ፍላጎቱ ይመላለሳል። ማሞቂያው ከሣጥኑ ወለል ሥር የሚነጠፍ የኤሌክትሪክ ምንጣፍ ነው። ይህ ምንጣፍ ያለ ቴርሞስታት፣ ማለትም ሙቀቱን ከልኩ እንዳያልፍ ከሚቆጣጠረው ዕቃ ውጭ፣ ከተሰካ ልኩን አልፎ የእባቡን ሆድ ያቃጥላል፤ እባብ ደግሞ ከሥሩ የሚመጣን ቃጠሎ ቶሎ ሸሽቶ አያመልጥም። ከሁሉም ዕቃ አስቀድሜ የገዛሁት ቴርሞስታቱን የሆነው ለዚህ ነው።

ባሕር ዳር ወይም ፍኖተ ሰላም ብኖር ነገሩ ይቀልልኝ ነበር። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር ከፍ ብላ ያለች፣ የጮቄ ነፋስ የሚደርሳት ከተማ ናት። የቤቴ ግድግዳ የጭቃ ነው፤ ሌሊት ይቀዘቅዛል።

እናቴ ወደ ቤቷ ከተመለሰች በኋላ አንድ ሌሊት መብራት ጠፋ። እኔ አላወቅሁም፤ ተኝቻለሁ። ጠዋት ስነሳ መብራቱ ተመልሶ ነበር። ቴርሞሜትሩ ዝቅተኛውንና ከፍተኛውን መዝግቦ የሚይዝ ዓይነት ነው። ዝቅተኛውን ስጫን 16 አለኝ። ባዶ ሣጥን ነው፣ ማንም አልተጎዳም። ግን እዚያው ተንበርክኬ ቀረሁ። ከዋዜማው የበላ እባብ በውስጡ ቢኖር ኖሮ ያን ሌሊት ከሞቃቱ ጎን ወደ ቀዝቃዛው፣ ከቀዝቃዛው ወደ ሞቃቱ ሲሄድ ያድር ነበር፤ የሚሻለውን ፈልጎ ያጣል፤ አንዲት ድምፅ አያሰማም፤ እኔም ከእሱ ሁለት እርምጃ በማይሞላ ርቀት ተሸፋፍኜ እንቅልፌን እተኛለሁ። ጠዋት መብራቱ በርቶ፣ ቴርሞስታቱ 30 ብሎ፣ ሁሉም ነገር ደኅና መስሎ አገኘዋለሁ። የእናቴ «በምን ታውቂያለሽ?» የገባኝ ያን ጠዋት ነው።

ከዚያ በኋላ የገዛሁት ዕቃ በባትሪ የሚሠራ፣ ሙቀቱ ከተወሰነ ልክ ሲወርድ የሚጮኽ ቴርሞሜትር ነው። ትራሴ አጠገብ አድርጌዋለሁ። የሣጥኑን ሦስት ጎን በፎም ሸፈንኩ፤ መተንፈሻዎቹ ግን ክፍት ናቸው። ጮኾ ሲቀሰቅሰኝ የማደርገው ነገር ይታወቃል፤ ማታ ፔርሙስ ውስጥ ያደረ ፍል ውሃ በላስቲክ ጠርሙስ ሞልቼ፣ በወፍራም ጨርቅ ጠቅልዬ ሞቃቱ ጎን አስቀምጣለሁ፤ ሣጥኑን በጋቢ እሸፍናለሁ። ከሰል ማንደድን ግን አላስበውም። በተዘጋ ክፍል የተቀጣጠለ ከሰል እባቡንም እኔንም በማይታየው የጭሱ መርዝ ይገድለናል፤ ክረምት ላይ እንዲህ እያደሩ የሚሞቱ ቤተሰቦችን ወሬ ሁላችንም ሰምተናል።

ይህንን ልምምድ ሌሊት እየተነሣሁ በባዶው ሣጥን ላይ አደርገዋለሁ። የሥራ ባልደረባዬ አንዷ ሰምታ «ለሌለ እንስሳ?» አለችኝ። አዎ፤ እንስሳው ሳይኖር ነው መለመድ ያለበት።

አይጥ ማርባት

እናቴን ከእባቡ ይልቅ ያስደነገጣት የምግቡ ጉዳይ ነው። የበግ ሥጋ ቆራርጦ መስጠት አይሆንም። ይህ እባብ አይጥን ከነአጥንቱና ከነጠጉሩ ይውጣል፤ ካልሲየሙንም ሌላውንም የሚያገኘው ከሙሉው እንስሳ ነው። በሌሎች አገሮች የቀዘቀዘ የአይጥ ግልገል በሱቅ ይሸጣል። እዚህ የለም። ከሜዳና ከጎተራ የሚያዝ አይጥም አይታሰብም፤ ጥገኛ ትል ይይዛል፣ ከዚያም የባሰው ደግሞ የአይጥ መርዝ በልቶ ሊሆን ይችላል፤ መርዝ የበላ አይጥ የበላውንም ይገድላል። የሚቀረው በቤተ ሙከራ የሚረባውን ዓይነት ነጭ አይጥ ራሴ ማርባት ነው።

«እኛ ዕድሜያችንን ከአይጥ ጋር ስንታገል፣ አንቺ ከፍለሽ ልትቀልቢው!» አለችኝ። እውነቷን ነው። ክምር ሲነሣ፣ ጎተራ ሲከፈት ስንት ጊዜ ከእሷ ጋር አልቅሰናል። ቀጥላም ጾሙን አነሣች፤ በሁዳዴ ሥጋ እያቀረብሽ ልትኖሪ ነው ወይ አለችኝ። እኔ ሳልመልስ ራሷ ትንሽ አሰበችና «ድመቷስ መቼ ጾማ ታውቃለች፤ የተፈጠረችለትን ትበላለች» ብላ ተወችው።

እኔ ግን ቶሎ አልተውኩትም። አይጦቹም ፍጥረት ናቸው። እነሱም ቦታ፣ ውሃ፣ ንጹሕ ጉዝጓዝ ይሻሉ፤ ሲሞቱም ሳይሠቃዩ መሞት አለባቸው። በሕይወት ያለ አይጥ ሣጥን ውስጥ መጣል ለሁለቱም ግፍ ነው፤ የተጨነቀ አይጥ እባቡን ነክሶ ያቆስለዋል። ስለዚህ የሚቀርብለት የሞተና ለብ ያለ ነው፤ ወፍራምነቱ ከእባቡ ገላ ወፍራም ቦታ የማይበልጥ፤ ለትንሽ እባብ በሳምንት አንድ ጊዜ ገደማ፣ ላደገው ራቅ እያለ። ከበላ በኋላ ቢያንስ ሁለት ቀን አይነካም። አዲስ የመጣ ጊዜም ቤቱን እስኪለምድ ሳምንት ያህል ውሃ ከመለወጥ በቀር እጅ አይገባበትም። ይህን ሳስብ ከባዱ ነገር ሥራው ሳይሆን አለመንካቱ ይመስለኛል። ስንት ወር የጠበቁትን ነገር አምጥቶ፣ መስታወት ዘግቶ መተው!

ግቢውና ሕጉ

የምኖረው በኪራይ ነው። እትዬ አከራዬን አስፈቅጄ ካልሆነ በስውር የሚሆን ነገር እንዳልሆነ ከመጀመሪያው ቆርጫለሁ። እኛ አገር እባብ ያስቀመጠች ብቸኛ ሴት ስሟ ቶሎ ነው የሚነሣው፤ ዛሬ እባብ፣ ነገ መተት ይባላል። ስለዚህ የግቢውን ሰው ሁሉ ቡና ጠርቼ ሣጥኑን ከፍቼ አሳየሁ፤ ሽቦው ምን እንደሆነ፣ ቁልፉ የት እንደሚውል፣ ምን ዓይነት እባብ እንዳሰብኩ ነገርኳቸው። ዝምታው ረዘም አለ። እትዬ ናቸው የሰበሩት። «አቡነ አረጋዊን ደብረ ዳሞ ያወጣቸው ዘንዶ አይደለም እንዴ! የታዘዘ እንደሆነ ክፉ አይደለም» አሉ። ቀጥለው ግን ልጆቹ እንዳይነኩት አስጠነቀቁኝ። ማስጠንቀቂያቸው ከሳይንሱም ጋር ይገጥማል፤ እባብና ሌሎች ተሳቢ እንስሳት ጤነኛ መስለው ሳልሞኔላ የተባለውን ሆድ የሚያሳምም ተሕዋስ ይይዛሉ፤ ከ5 ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት መንካት የለባቸውም፤ አዋቂም ከነካ በኋላ እጁን በሳሙና ይታጠባል።

አንድ ነገር ጨምሬ ነገርኳቸው፤ እዚህም ልድገመው። እባብን መውደዴ ሰው እባብን አይፍራ ማለቴ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው በዓለም ላይ በየዓመቱ ከ81 ሺህ እስከ 138 ሺህ ሰው በእባብ መርዝ ይሞታል፤ በእ.ኤ.አ. 2017 ድርጅቱ ይህን ችግር ትኩረት ካጡ የሐሩር ክልል በሽታዎች ተርታ አስገብቶታል። የሚሞቱት በአብዛኛው እንደ እኛ ወገን ያሉ ገበሬዎች፣ የቀን ሠራተኞችና እረኞች ናቸው። የተነደፈ ሰው በምላጭ አይተልተል፣ በገመድ አይጠፈር፣ ቁስሉ በአፍ አይመጠጥ። እግሩ ወይም እጁ እንዳይንቀሳቀስ ተደግፎ በፍጥነት ጤና ተቋም ይድረስ። የማያውቁትን እባብ በእጅ መያዝ ደግሞ በምንም ምክንያት አይገባም።

ሕጉ ግልጽ ነው። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541 የዱር እንስሳን ያለ ፈቃድ መያዝን አይፈቅድም። ከውጭ የሚገባ ከሆነ የመውጫና የመግቢያ ሰነድ አለ፤ ኢትዮጵያ ከእ.ኤ.አ. 1989 ጀምሮ በዱር እንስሳትና ዕፅዋት ንግድ ላይ የተደረገው የሳይተስ ስምምነት አባል ናት፤ ለምሳሌ ዘንዶዎች ሁሉ በዚያ ስምምነት ቁጥጥር ሥር ናቸው። ሰው እንዲህ ያለውን ወረቀት እንደ እንቅፋት ያየዋል። እኔ ግን እደግፈዋለሁ። በአሜሪካ ፍሎሪዳ ረግረግ ውስጥ ሰዎች ያመጡት የበርማ ዘንዶ አምልጦና ተለቅቆ ተራብቶ የአገሩን አጥቢ እንስሳት ሲጨርስ እያየን ነው። ሰልችቶኝ ጣና ዳር የምለቀው እባብ ሊኖር አይገባም። ፈቃዱ ቢከለከል ሣጥኑ ባዶውን ይቀመጣል፤ ዋንዛ ነው፣ መጻሕፍት ይይዛል።

ከእኔ በኋላ

አሁን የማስበው ስለ ዕድሜው ነው። የቤት እባብ በጥሩ አያያዝ 15 ዓመትና ከዚያም በላይ ይኖራል። ቦል ፓይተን ደግሞ 30ን ያልፋል። በአሜሪካ የሴንት ሉዊስ የእንስሳት ማሳያ በእ.ኤ.አ. 2020 እንቁላል የጣለች አንዲት ቦል ፓይተን ነበረች፤ ዕድሜዋ ቢያንስ 62 ዓመት እንደሚሆን ተገምቷል። ለማሳያው የሰጣት አንድ ግለሰብ ነው፤ በእ.ኤ.አ. 1961። በዚያ ሰው እጅ በነበረች ጊዜ ገና ትንሽ ነበረች። ከእሱ ወዲህ ስንት ሰው ውሃዋን ለወጠላት፣ ስንት ሰው ጡረታ ወጣ! እሷ ማንንም አልጠራችም፤ ግን በእነዚያ ሁሉ ዓመታት አንድ ሰው ሳትጠራው መጥቷል።

እኔ መምህርት ነኝ። ዝውውር አለ፣ ትምህርት አለ፣ ትዳር አለ፣ ሕመም አለ። በዚህ ከተማ ያሉ የእንስሳት ሐኪሞች ከብትና በግ፣ ዶሮና አህያ ነው የሚያክሙት፤ እባብ ይዤባቸው ብሄድ አይፈርድባቸውም። ስለዚህ ሁለተኛ ሰው ያስፈልገኛል። የእህቴ ልጅ ዘንድሮ 11ኛ ክፍል ነው፤ ረጋ ያለ ልጅ ነው። ሣጥኑን እየመጣ ይለካል፤ ደብተሩ ላይ የሞቃቱን ጎን፣ የቀዝቃዛውን ጎን፣ የአየሩን እርጥበት ይጽፋል። ግራም የሚለካ የኩሽና ሚዛን ገዝተን በሎሚና በቡና ስኒ እየተለማመድን ነው፤ እባብ ክብደቱ ሲቀንስ በዓይን ከመታየቱ በፊት በሚዛን ይታያል። ባልኖር ማን እንደሚረከበው የሚል ወረቀት ጽፌ ከሣጥኑ ጀርባ ለጥፌያለሁ፤ እሱም ፈርሞበታል፤ እናቱም፣ እህቴ፣ ፈርማለች። እናቴ ጽሕፈት ባታውቅም አጠገባቸው ቆማ ሰምታለች፤ እኔ ዘንድ የእሷ መስማት ከፊርማ አያንስም።

የሚቀረው ክረምቱ ነው። በበጋ ያስቸገረን ብርድና ደረቅ አየር ነበር። ሐምሌና ነሐሴ ሲመጡ እርጥበቱ ይጨምራል፤ ጋዜጣው ሻጋታ ያበቅል እንደሆነ፣ መተንፈሻዎቹ ይበቁ እንደሆነ፣ ነጎድጓዱ መብራቱን አከታትሎ ሲያጠፋው የፔርሙሱ ውሃ እስከ ንጋት ያደርስ እንደሆነ የሚታወቀው ያኔ ነው። ፈቃዱ ነገ ቢደርሰኝ እንኳ ከመስከረም በፊት እባብ ወደዚህ ቤት አይገባም።